አርባ ዶላር፣ ስድስት ሰማይ

ሠርግ በልቶ የወጣ ሰው ስለ ሙሽሮቹ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልሰማንም። ወሬው ሁሉ ስለ ወጡ ዓይነት፣ ስለ ክትፎው ማነስ፣ ስለ ቢራው መሞቅ ነው። ጌም የሚገዛ ሰውም ቁርጥ እንደዚያው ነው። ገና ጆይስቲኩን ሳይጨብጥ ‹‹ስንት ማፕ አለው? ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ስንት ዓይነት መሣሪያ አለው?›› ብሎ ይቆጥራል። ቆጠራው ካልሞላለት ‹‹ባዶ ነው›› ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ይግባኝ የለውም።

‹‹ስታር ዋርስ፡ ስኳድሮንስ›› እንዲህ ተቆጥረው ከተፈረደባቸው ጌሞች አንዱ ነው። ሞንትሪያል ያለው ሞቲቭ ስቱዲዮ ሠራው፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ የምንለው፣ የፊፋው) ደግሞ መስከረም 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ለገበያ አወጣው። የጠፈር ውጊያ ጌም ነው፤ አምስት ለአምስት ሆናችሁ በትንንሽ የጦር መርከቦች እየተሳደዳችሁ መታኮስ። በወጣ ሰሞን ገምጋሚዎች ከመቶ ሰማንያ ገደማ ሰጡት። ‹‹በረራው ግሩም ነው፤ ግን...›› ነበር የአብዛኛው ሰው ዜማ። እኛም ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚያ ‹‹ግን›› ነው። አንዳንዱ ‹‹ግን›› ልክ ነው፣ አንዳንዱ የክትፎ ሐሜት ነው፣ አንዱን ደግሞ እኛ እንጨምርበታለን።

እኛ ስንል አራት ነን። ሦስታችን አዲስ አበባ፣ አንደኛው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ። ልጁ ከሄደ በኋላ ጓደኝነታችን ‹‹ሰላም ነው? አለን፣ እሺ ቻው›› ወደምትል የቴሌግራም ልውውጥ ወርዶ ነበር። ስኳድሮንስ በኮምፒዩተር የሚጫወተውንም፣ በፕሌይስቴሽን የሚጫወተውንም፣ በኤክስቦክስ የሚጫወተውንም አንድ ላይ ያሰልፋል። እሱ ኮምፒዩተር ነበረው። እኛ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ጌም ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አሉን። ቅዳሜ ማታ ቤቱን ዘግተው ሲሄዱ ሁለት ፕሌይስቴሽን ይተዉልናል፤ ጠዋት ጠርገን እንድንወጣ ነው ስምምነቱ። ዲስኮቹን ከዱባይ የመጣ ሰው ነው ያመጣልን። ስኳድሮንስ ስክሪን ከፍሎ ሁለት ሰው አያጫውትም፤ ስለዚህ ሁለታችን እንጫወታለን፣ ሦስተኛው መሃል ተቀምጦ ‹‹ኧረ ከኋላህ! ከኋላህ!›› ይላል። እኛ ጋ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ገና የምሳ ሳህኑ አልታጠበም።

ጋሼ ጌሙን መጀመሪያ ያዩት ዕለት ጥቂት ቆመው ተመለከቱና ‹‹ልጆች፣ ኳሱ የታለ?›› አሉን።

‹‹ጋሼ፣ ይኼ ኳስ አይደለም፤ ጠፈር ነው።››

‹‹እሱማ ይታየኛል። እኔ የምለው ማን ከፍሎ ይጫወተዋል?››

ጥያቄያቸውን ያዙልን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ትችቱን ከማንሣታችን በፊት ግን በረራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ እንበል። ስኳድሮንስ ውስጥ ስትበሩ መርከባችሁን ከውጭ አታዩትም። ሁልጊዜ ከውስጥ፣ ከአብራሪው ወንበር ነው የምታዩት። ስንት ሚሳይል እንደቀራችሁ፣ ጋሻችሁ ምን ያህል እንደሳሳ፣ ማን እንዳነጣጠረባችሁ የሚነግራችሁ ፊት ለፊታችሁ ያለው ዳሽቦርድ ነው። ታይ ፋይተር ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ በፊት መስኮቱ ከሚታየው ውጭ ግራና ቀኙ ድፍን ነው፤ ስፖኪዮ የሌለው ሚኒባስ መገናኛ አደባባይ ላይ መንዳት በሉት። ብዙ ሰው ‹‹ለምን ከኋላ ሆነን መርከቧን አናያትም?›› ብሎ ወቅሷል። እኛ በዚህ አንስማማም። የጌሙ ፍርሃት ሁሉ ያለው አለማየቱ ላይ ነው። ጠላት ከየት እንደመጣ በጆሮ ነው የምታውቁት፤ የታይ ሞተር ጩኸት ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ጆሮ ሲያልፍ አንገታችሁ አብሮ ይዞራል። (መሃል የሚቀመጠው ሦስተኛችን ሄድፎን ስለሌለው ሁልጊዜ የሚጮኸው ዘግይቶ ነው።)

ዋናው ብልሃት ያለው የኃይል ክፍፍሉ ላይ ነው። መርከቧ ያላት ጉልበት አንድ ነው፤ የሚሻሙበት ሦስት ናቸው፤ ሞተር፣ ሌዘርና ጋሻ። ልክ እንደ ወር ደሞዝ። ለቤት ኪራይ ስታበዙ አስቤዛው ይሳሳል። ሁሉንም ወደ ሞተር ብትሰጡ ትፈተለካላችሁ፣ የመወንጨፊያ አቅምም ታጠራቅማላችሁ፤ ሌዘራችሁ ግን ቶሎ ይሞላላችኋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሁሉንም ወደ ሌዘር ብትሰጡ ተኩሳችሁ ይከብዳል፤ እግራችሁ ግን ይታሰራል። የኢምፓየሩ መርከቦች አብዛኞቹ ጭራሹኑ ጋሻ የላቸውም። መጀመሪያ ከነበሩት አራቱ ጋሻ ያላት ሪፐር የምትባለው ብቻ ናት። ሌሎቹን ቀጭን ቆርቆሮ በሏቸው። ታዲያ ውጊያው መሃል በየሁለት ሰከንዱ ‹‹አሁን ለማን ልስጥ?›› እያላችሁ ነው። ሌላም አለ፤ መርከቧ በደንብ የምትታጠፈው በሙሉ ጋዝ ሳይሆን በግማሽ ጋዝ ነው። ጀማሪ ሁሉ ጋዙን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሄዶ አስትሮይድ ይሳለማል።

‹‹ጠፈር ላይ እንዲህ አይበረርም›› የሚለውን ትችት እዚሁ እንጨርሰው። ልክ ነው፣ አይበረርም። ጠፈር ላይ አየር የለም፤ ጋዝ ስትለቁ አትቆሙም፣ ክንፍ ስታዘነብሉ አትታጠፉም፣ ድምፅ የሚባል ነገርም አይሰማም። ይህን ጌም ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ1962 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ኤምአይቲ ውስጥ ፒዲፒ-1 በሚባል ኮምፒዩተር ላይ የሠሩት ‹‹ስፔስዋር›› ውስጥ መርከቢቱ አንዴ ከተገፋች መንሳፈፏን አታቆምም፤ በ1979 የወጣው ‹‹አስትሮይድስ›› ውስጥም መርከቢቱ ከተገፋች በኋላ ለጥቂት ጊዜ መንሳፈፏን ትቀጥላለች። ‹‹ስታር ዋርስ›› ግን የተነሣው ከዚያ አይደለም። ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን፣ የ1977ቱን ፊልም ሲሠራ የጠፈር ውጊያው ገና ሳይቀረጽ በቦታው ቀጣጥሎ ያስገባው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሲታኮሱ የሚያሳዩ ፊልሞችን ነበር። የዚህ ዘር ጌሞች አባት የሚባለው የ1993ቱ ‹‹ኤክስ-ዊንግ››ም የተሠራው በሎረንስ ሆላንድና በኤድዋርድ ኪልሃም ነው። ሆላንድ ከዚያ በፊት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ ጌሞችን ይሠራ ነበር። ጉልበትን ለሌዘር፣ ለጋሻና ለሞተር ማከፋፈሉም የመጣው ከዚያው ከ‹‹ኤክስ-ዊንግ›› ነው። ስለዚህ ስኳድሮንስ የጠፈር ልብስ የለበሰ የአውሮፕላን ጌም ነው፤ ዘሩን አልደበቀም።

አሁን ወደ ቆጠራው። ጌሙ ሲወጣ ስድስት ማፕ፣ ስምንት መርከብና ሁለት ዓይነት የኦንላይን ጨዋታ ነበረው። አንደኛው አምስት ለአምስት መታኮስ ነው፤ ሠላሳ ግዳይ ቀድሞ የጣለ ቡድን ያሸንፋል። ሁለተኛው የመርከብ ጦር ውጊያ ነው፤ መሃል ሜዳ ላይ ገፍታችሁ፣ መካከለኞቹን መርከቦች ሰብራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ግዙፏን ዋና መርከብ ትገጥማላችሁ። ጨዋታው ከእጃችሁ ሲወጣ ተመልሳችሁ የራሳችሁን መርከብ መከላከል አለባችሁ። እኛ ማታውን ሙሉ የምንጫወተው ይሄኛውን ነው። ‹‹በቃ? ስድስት ማፕ ብቻ?›› ተባለ። ዋጋው ግን የተለመደው ስልሳ ዶላር ሳይሆን አርባ ዶላር ነበር፤ ውስጥ ገብታችሁም በገንዘብ የምትገዙት አንዲት ነገር የለም። የመርከብ ቀለሙም፣ የሚሳይሉ ዓይነትም የሚገኘው በመጫወት ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ያው ኢኤ ‹‹ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2››ን ሲያወጣ ዕጣ የሚመስሉ ሳጥኖችን በገንዘብ ሊሸጥ ተነሥቶ ነበር። ዳርት ቬደርን በጨዋታ ለማግኘት 60,000 የጌም ብር ማጠራቀም ያስፈልግ ነበር። ተጫዋቹ አበደ። ኩባንያው ሬዲት ላይ የሰጠው ማብራሪያ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ አግኝቶ ጊነስ መዝገብ ውስጥ ገባ። ጌሙ ሊወጣ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት የገንዘብ ግዢው ተነሣ። ስኳድሮንስ የዚያ ጩኸት ልጅ ይመስለናል፤ አንድ ጊዜ ክፈል፣ ሁሉም ያንተ ነው።

እና ምን ሆነ? በ2017 ‹‹ዕድሜ ልካችንን አትሽጡልን›› ብሎ የጮኸው ሕዝብ በ2020 ‹‹ለምን ዕድሜ ልካችንን አትጨምሩልንም?›› ብሎ ጮኸ። ወገን፣ ማፕ የሚሠራው ሰው እኮ ደሞዝ ይበላል! ሁልጊዜ የማይሸጥ ጌም ሁልጊዜ አይጨመርበትም። ለነገሩ ሠሪዎቹ መጀመሪያውኑ ‹‹ያለው ይሄ ነው›› ብለው ነበር፤ ሆኖም በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. አንድ ማፕ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ቢ-ዊንግና ታይ ዲፌንደር የሚባሉ ሁለት መርከቦችን በነጻ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ አዲስ መርከብም አዲስ ማፕም አልመጣም። ‹‹የተተወ ጌም›› የሚለው ስድብም ከዚያ ወዲህ ተለጠፈበት።

ጋሼ ይህን ክርክራችንን አንድ ቀን ሰምተው ሳቁ። ‹‹ኳስ ስንት ሜዳ አለው? አንድ ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ አራት ማዕዘን ነው። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ይከፍሉኛል›› አሉ። እኛም ከዚያ ወዲህ የማፕ ቁጥር የሚቆጥር ሰው ሲገጥመን የምንጠቅሰው ሐያሲ እሳቸው ናቸው። ናዲሪ የሚባለው የመርከብ መሥሪያ ማፕ ላይ፣ እዚያ በተጋደሙት ግዙፍ አጥንቶች መሃል፣ ስንት ቅዳሜ እንዳሳለፍን እኛ ነን የምናውቀው። አንዲት ጠባብ መሿለኪያ አለች፤ በየሳምንቱ ሌላ ነገር ታስተምራለች፤ ብዙውን ጊዜ ትሕትናን።

ግን ጋሼ ‹‹ማን ከፍሎ ይጫወተዋል?›› ያሉት ጥያቄ ላይ መልስ የለንም። ልጆቹ አልተጫወቱትም። ሞክረውታል፤ አንዱ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ቅዳሜ ከእኛ ጋር አመሸ (እናቱ ፈቅዳ ነው)። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ትክክለኛው ‹‹ግን››ም ይሄ ነው፤ ፍጥነቱ።

ጌሙ ውስጥ መወንጨፍ አለ። እየተወነጨፋችሁ ጋዙን ስትቆርጡ መርከቧ በነበረችበት አቅጣጫ እየተንሸራተተች አፍንጫዋን ወደፈለጋችሁበት ማዞር ትችላላችሁ። የሚያሳድዳችሁን ሰው ዞራችሁ ፊቱን በሌዘር ማለት ትችላላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲሳካላችሁ የዓለም ጌታ የሆናችሁ ነው የሚመስላችሁ። ነገር ግን ጌሙን የበሉት ሰዎች ይህንኑ ከኃይል ክፍፍሉ ጋር እያፈራረቁ፣ ውንጭፊያውን በቁራጭ በቁራጭ እየተጠቀሙ፣ መቆም የሚባል ነገር ረሱ። መርከባቸው እንደ ፒንቦል ኳስ ከዚህ እዚያ ትነጥራለች፤ ስሙንም ከዚያው ወስደው ነው የሰጡት። ማነጣጠር አይቻልም። ሚሳይል አይይዛቸውም። ግማሽ ጋዝ፣ ቆም ብሎ ማሰብ፣ ከኋላ ሾልኮ መግባት፣ ያ ሁሉ የተማራችሁት ቅኔ እነሱ ዘንድ አይሠራም።

‹‹ያ ችሎታ ነው፤ ተማሩት›› የሚሉ አሉ። እሺ፣ ችሎታ ነው። እኛም የጣት ቅልጥፍናን አንንቅም። ጥያቄው ግን አዲሱ ሰው እስኪማር ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ተጫዋች ጥቂት በሆነበት ጌም ውስጥ ጀማሪን ከጀማሪ ጋር ማገናኘት አይቻልም፤ የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ የመጀመሪያ ማታው ላይ ሦስት ዓመት ሥልጠና የወሰዱ የሚመስሉ ሰዎች ላይ ወደቀ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞተ፤ ማን እንደገደለው አንድም ጊዜ አላየም። የእኛ ኢንተርኔት መንቀርፈፍ ሲታከልበት ደግሞ፣ ሰውየው እኛ ስክሪን ላይ ከሚታይበት ቦታ ከሄደ ቆይቷል። ልጁ ጆይስቲኩን በትሕትና አስቀምጦ ‹‹አመሰግናለሁ፣ ኳስ ላይ ልመለስ›› አለን። ገምጋሚዎቹ ጌሙን በሁለትና በሦስት ቀን ጨርሰው ስለጻፉ ይህን አላዩትም፤ አይፈረድባቸውም፣ ያኔ ገና ሁሉም ጀማሪ ነበር። ስድስት ማፕ ማንንም አላባረረም። ያባረረው አሥራ አንድ ጊዜ ሳያዩ መሞት ነው።

ቪአር የሚባለውን የዐይን መነጽር አንደኛችን ከአንድ ወዳጁ ተውሶ ሞክሮታል። በሁለተኛው ኩርባ ላይ መነጽሩን አውልቆ መስኮት ከፈተ። ገምጋሚዎች ‹‹ጌሙ የሚጣፍጠው በመነጽር ነው›› ይላሉ፤ ሆዱ የጠነከረ ይፍረድ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ብቻችሁን የምትጫወቱት ክፍል ሁለት ቡድኖችን እያፈራረቀ ያበርራችኋል፤ ቫንጋርድ የሚባለው የአዲሲቱ ሪፐብሊክ ነው፣ ታይታን የሚባለው የኢምፓየሩ ነው። ሪፐብሊኮቹ ናዲሪ ውስጥ ከተማረኩ የጠላት መርከቦች አካል ስታርሆክ የሚባል ግዙፍ መርከብ ይሠራሉ፤ ኢምፓየሩ ሊያጠፋው ይፈልጋል። በተልእኮና በተልእኮ መሃል የመርከብ ማቆሚያው ውስጥ ትቆማላችሁ። ትቆማላችሁ ስንል ትቆማላችሁ ነው፤ አንድ እርምጃ መራመድ የለም። እንደ ሐውልት ተገትራችሁ ዐይናችሁን ወደ አንዱ ባልደረባ ትወረውራላችሁ፣ እሱም ይመጣና የሕይወት ታሪኩን ይተርክላችኋል። እናንተ አፍ የላችሁም። ልቅሶ ቤት ከማይታወቅ የሩቅ ዘመድ አጠገብ እንደመቀመጥ ነው፤ ትሰማላችሁ፣ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ መውጫ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ላይ ከገምጋሚዎቹ ጋር በሙሉ ድምፅ ነን።

የታሪኩ መክፈቻ ግን ሌላ ነው። ኢምፓየሩ አልደራን የምትባለውን ፕላኔት ከነሕዝቧ ካጠፋ በኋላ፣ አምልጠው ፎስታር ሄቨን የሚባል ጣቢያ የደረሱ ስደተኞችን አድኖ የማጥፋት ትእዛዝ ይመጣል። ሊንደን ጄቨስ የሚባለው የኢምፓየሩ አዛዥ እምቢ ይላል። የገዛ ጓዶቹን ከድቶ ስደተኞቹን ያስመልጣል፤ ያሠለጠናት ቴሪሳ ኬሪል ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታድነዋለች። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልቃል። ከዚያ በኋላ ስደተኞቹ የት ደረሱ? ጌሙ አይጠይቅም። ታሪኩ ወደ መርከቡ ይሄዳል።

ጌሙ በወጣ በአንድ ወሩ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት፣ አገራችን ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። ከእኛ አንደኛው ቤተሰቦቹ መቀሌ ናቸው። ወደ ትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ቅዳሜ ይመጣል፣ መሃል ይቀመጣል፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። እኛም ‹‹ምን ሰማህ?›› ብለን መጠየቁን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተውን፤ ሲሰማ ይነግረናል ብለን ነው። በዚያው በኅዳር ነው አዲሱ ማፕ በነጻ የተጨመረው። ማፑ ፎስታር ሄቨን ነበር። ያ የስደተኞቹ ቦታ አሁን አምስት ለአምስት የምንታኮስበት ሜዳ ሆነ። ሠሪዎቹ ሞንትሪያል ሆነው ይህን እንዲያውቁ አንጠብቅም፤ ማፑም ቆንጆ ነው። እንዲያው እንንገራችሁ ብለን ነው።

እኛ የምንጨምረው ‹‹ግን›› ይሄ ነው። ጌሙ ግማሹን ጊዜ የኢምፓየር አብራሪ ያደርጋችኋል። የታይታን ባልደረቦች ይቀልዳሉ፣ ይኮራሉ፣ ለጓዳቸው ይሞታሉ፤ ሰው ናቸው፣ ጥሩ ተጽፈዋል። ‹‹ለምን የጠላትን ወገን አስመርጦ ያጫውታል?›› የሚል ትችት የእኛ አይደለም። ወታደር ሰው መሆኑን ማሳየት ነውር የለበትም። የሚያሳዝነው እምቢ ያለው ሰው ጄቨስ ብቻ መሆኑ ነው። የጆይስቲኩ ባለቤት እምቢ ማለት አይችልም። ትእዛዝ ይመጣል፣ ትሄዳላችሁ፣ ትመታላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ ሐውልት ሆናችሁ ትቆማላችሁ። አፍ የሌለው አብራሪ መሆናችሁ መጀመሪያ የስንፍና ጉዳይ ይመስላል፤ ኋላ ላይ ሲታሰብ ግን ያስደነግጣል። ስለ ጉልበት አከፋፈል በየሁለት ሰከንዱ የሚያስወስናችሁ ጌም፣ ስለ ትእዛዝ አንድም ጊዜ አያስወስናችሁም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ይህን ስናወራ ‹‹እናንተ ልጆች፣ ጌም እኮ ነው! ታይ ፋይተር ላይ ፍልስፍና አትጫኑ›› አለን። እሱም የራሱ ምክንያት አለው። ቀኑን ሙሉ ዜና ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለሦስት ሰዓት መርሳት ይፈልጋል፤ እኛም አንፈርድበትም። ክርክሩ ሄድፎን ውስጥ ሞቀ። አንደኛችን ‹‹ታሪኩ ቢቀር ይሻል ነበር፣ መታኮሱ ብቻ በቂ ነው›› አለ። መሃል የተቀመጠው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና ‹‹እኔ ከጌሙ የምወደው መጀመሪያውን ብቻ ነው›› አለ።

‹‹የቱን?››

‹‹እምቢ ያለበትን። ቢያንስ አንድ ሰው እምቢ ሲል ያሳያል። አጠረ እንጂ።››

ለካ እኛ ሌላ ስንጫወት እሱ ቤቱ ታናሽ ወንድሙ ማሽን ላይ መክፈቻውን ደጋግሞ ተጫውቶታል። ያንን ሁሉ የ‹‹አጠረ›› ትችት ስናነብና ስናጣጥል ከርመን፣ መልስ ያጣንለት አንድ ‹‹አጠረ›› ያ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንጉም ‹‹እሺ ወንድሜ›› አለና ማይኩን አጠፋው። ትንሽ ቆይቶ አበራው፤ ቀጣዩን ዙር ገባን፤ ተሸነፍን።

‹‹የሞተ ጌም›› የሚለው ቃል እየበዛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው በሁለት ቁጥር ማነስ ይሄዳል፤ ሰው ስለሄደ ተራ መጠበቅ ይረዝማል፤ ተራው ስለረዘመ ሌላው ይሄዳል። እኛም አሥር ደቂቃ ጠብቀን ሻይ ያፈላንበት ማታ ብዙ ነው። ግን ማሽኑን ራሱን የሚገጥሙበት የመርከብ ጦር ውጊያ አለ። ገምጋሚዎች ‹‹ማሽኑ ጅል ነው›› ብለው ያጣጥሉታል፤ ልክ ነው፣ ጅል ነው። ለእኛ ግን ጅልነቱ ወሬ ያስወራናል። እሱ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሁለተኛ ሥራው እያወራ የስታር ዴስትሮየሩን ጋሻ ማመንጫ ይመታል፤ እኛ ስለ ዘይት ዋጋ እያወራን እንሸፍነዋለን። መሃል ተቀማጩ የእናቱን ድምፅ የሰማ ቀንም የነገረን እዚያው፣ ጅሉን ማሽን እየገጠምን ነው። ‹‹ደወሉ›› አለ። ሁለት መርከቦች አብራሪ አልባ ሆነው ከአስትሮይድ ጋር ተላተሙ።

እንግዲህ ዲስኩን ያገኘ ሰው ካለ የምንመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ኦንላይን አትግቡ። ልምምዱ ውስጥ ግብታችሁ ግማሽ ጋዝ ላይ መታጠፍን ተለማመዱ፤ ጉልበቱን ሳታዩ በጣት ማከፋፈልን ልመዱ። ከማሽኑ ጋር ጀምሩ። ኤ-ዊንግ ፈጣን ናት ብላችሁ አትቸኩሉባት፣ ለጀማሪ መቃብር ናት። ዋይ-ዊንግ ላይ ተቀመጡ፤ ቀርፋፋ ናት፣ ዱላ ግን ትችላለች። ከኋላ የሚጮህ ሰው ካገኛችሁም ሄድፎን ስጡት።